ለሕያው የወረደ ሙሾ

ሸዋ ሮቢት ላይ ያን ጊዜ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት ቄሱም አይደሉም፣ ሼሁም አይደሉም፤ ሸዋዬ ናት። እኔ ጣይባ እስላም ነኝ። ሬሳ ላይ ጮሆ ማልቀስ ሐራም ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ግን ወላሂ፣ ሸዋዬ አፏን ስትከፍት ሼሁ ራሳቸው በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። "አቧራ ገባብኝ" ይላሉ። አዎ፣ አቧራ!

ሸዋዬ ጥጥ ፈታይ ነበረች፤ አጥራችን አንድ ነው። ቀጭን ናት፣ ወባ አክስቷታል፤ ምላሷን ግን ወባው አልደረሰበትም። ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ትልና፣ "አንቺ ጣይባ፣ ስትሞቺ ምን ብዬ ነው የማለቅስልሽ? ወጥ ከማሳረር ሌላ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" ትለኛለች። "አንቺን ሳልቀብር አልሞትም፣ በከንቱ አትድከሚ" እላታለሁ። እንዲህ እየተሰዳደብን ነው ውሃ የምንወርደው።

በሙሾ ግን አትቀልድም። ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ አትጮህም፤ ከሟቹ ዘመዶች አጠገብ ቁጭ ትልና ትጠይቃለች። ምን ሠራ? ማንን ረዳ? ምን ይፈራ ነበር? ማንን አስለቀሰ? ይህን ሳትሰማ አንድ ቃል አይወጣትም። "ሥራው ያልተነገረለት ሰው እንደ ውሻ ነው የተቀበረው" ትላለች። አንድ ጊዜ የአንድ ንፉግ ነጋዴ ቀብር ላይ እጁ እንዴት እንደማይፈታ አውርዳ ልጆቹ ሊደበድቧት ነበር። "ሬሳ ላይ አልዋሽም፣ ከፈለጋችሁ ሌላ አልቃሽ ጥሩ" አለቻቸው። ሌላ ግን ከየት ይመጣል? ዱላቸውን አስቀመጡ።

የኛ ቂሬ፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ያው እንደምታውቁት የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። ሰው ሲሞት አብረን እንቆፍራለን፣ አብረን እንሸከማለን፣ ንፍሮ ቀቅለን ለቅሶ ቤት እንውላለን፤ ሥጋ ብቻ ነው የማንጋራው። የቂሬው ዳኛ ጋሼ ሳልህ ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ግን አንዴ ከተናገሩ የሚመልሳቸው የለም። ጥልያን ከገባ በኋላ የሮቢቱ የጥልያን አዛዥ፣ ካፒቴኖው፣ አስጠርቶ፣ "እናንተ እስላሞቹ ወዳጆቻችን ናችሁ፤ የነዚህን ቀብር ለምን ትወጣላችሁ?" ቢላቸው፣ "ጌታዬ፣ እኔን ማን ሊሸከመኝ ነው?" ብለውት ወጡ።

ሸዋዬ አንድ ልጅ ነበራት፣ ታከለ የሚባል። ባሏን ወባ ከበላባት ወዲህ ያለችው ለሱ ነው። ሎጋ፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማያደክመው ልጅ። ጥልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ጀዋሃ ወንዝ ላይ የተሠራው የእንጨት ድልድይ ሌሊት ተቃጠለ። ከነጠባቂዎቹ ነው የነደደው። በማግስቱ አስካሪዎቹ፣ ለጥልያን ያደሩት ሐበሻ ወታደሮች፣ ቀወት ድረስ ወርደው ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ለቅመው ወሰዱ። አንዳንዱን ለቀቁ፣ አንዳንዱን እዚያው ረሸኑ። ታከለን ግን ሰውም አልመሰከረበት፣ እሱም አላመነ፤ ጥርጣሬ ብቻ ነበር። ካምፕ ውስጥ በሽቦ አጥር አስረው ለመንገድ ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር። ያደረገው እሱ ነው ወይ? አዎ፣ እሱ ነው። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ከአንድም አፍ ግን አልወጣም። ሸዋዬ በየቀኑ ከሽቦው ማዶ ቆማ ታየዋለች፤ ስትመለስ ፊቷን ማየት ያስፈራል። ልጇን ከዚያ ሽቦ ከማውጣት በቀር በዚያ ዓመት ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ የገበያ ቀን ከወደ ደብረ ሲና አንድ የተሸፈነ ካሚዮን መጣ፤ "ሲኒማ ነው" ተባለ። ካፒቴኖው አዋጅ አስነገረ፦ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ፣ ገበያተኛውም ሁሉ፣ ሲመሽ ሜዳ ላይ ይሰብሰብ፤ ትምህርት ነውና የቀረ ይገረፋል። የትምህርት ቤቱ መምህርም አስተርጓሚውም አንድ ሰው ነበር፣ አብዱልወሃብ፣ ከምጽዋ በኩል የመጣ። የጥልያን እንጀራ ቢበላም ክፉ አልነበረም፤ ወባው ሲነሳ ኪኒን እየደበቀ የሚሰጠን እሱ ነው። ደስ ብሎት ነበር። "እትዬ ሸዋዬ፣ ይምጡ" አላት። "ሰው የሌላውን አገር ሰው ለቅሶና ሳቅ ካየ፣ ከዚያ ወዲያ ሊገድለው እጁ እሺ አይለውም። እኔ ልጆቹን ይህን ነው የማስተምረው።" ሸዋዬም፣ "አንተ ከጤፍ ውስጥ አሸዋ ልልቀም ብለህ በከንቱ የምትደክም ሰው ነህ" አለችው፤ ግን ሄደች፣ ግርፋቱን ፈርታ።

በሁለት እንጨት መሐል ነጭ ሸራ ወጠሩ። ከዚያ፣ ሱብሃነላህ፣ ሸራው ላይ ሰው ተራመደ! አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ጥቁር የለበሰች፣ ባሕር ዳር ቆማለች። መርከብ መጣ፤ ከመርከቡ የሬሳ ሣጥን ወረደ። ልጇ ነው። አሮጊቷ ሣጥኑ ላይ ወደቀች፣ ክዳኑን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ ሲከፍቱላትም ፊቱን አየን፣ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ። አብዱልወሃብ ጮክ ብሎ ያስረዳል፦ ልጁ የሞተው እኛ አገር ነው፣ ሽፍቶች ገድለውት ነው። ካፒቴኖው ተነስቶ፣ "ወዳጃችሁ ማን፣ ጠላታችሁ ማን እንደሆነ እዩ፤ ትምህርቱ ይህ ነው" አለ። እኛ ግን የሱን ትምህርት ማን ሰማው? ሜዳው በሙሉ ያለቅስ ነበር። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል፤ ልጁ ያልሞተበት፣ ያልታሰረበት በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

ምስል መሆኑን አላወቃችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። ኧረ አውቀናል! ተራ ባላገር ብንሆንም ፎቶግራፍ እናውቃለን፣ የሚንቀሳቀስ ፎቶግራፍ ነው ተብሎም ተነግሮናል። ፎቶግራፍ ደግሞ የሆነውን ነው የሚያነሳው። ያልሞተ ልጇን ሬሳ ሣጥን አስገብታ የምታለቅስ እናት የት አገር ታይታ ታውቃለች? ሟርት ነው እኮ! እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ ቀብር ቀብር ሲጫወት ከተገኘ ጥፊ ነው የሚቀምሰው። ስለዚህ አንዳችንም አልተጠራጠርንም፤ ልጁ ሞቷል፣ እናትየዋም ወላጁ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሳልህ ቂሬውን ጠሩ። "መርዶ ይዞ የመጣው ባለካሚዮኑ ነው፤ የሞተውም ያገሩ ልጅ ነው። እዚህ ዘመድ የለው፣ ጎረቤት የለው። ለቅሶ እንድረሰው" አሉ። አንዱ፣ "ገዳዮቹ እኮ የኛ ልጆች ናቸው" ቢል፣ "እንዲያማ ከሆነ ለቅሶ መድረሱ የባሰ ዕዳ ነው" ብለው አፉን አስያዙት። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ የማሽላና የባቄላ ንፍሮ በእንቅብ ተሸክመን ሄድን። ባለሲኒማው ጥልያን ካሚዮኑ አጠገብ ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። እኛ ደግሞ በዙሪያው መሬት ላይ ቁጭ አልን።

ሸዋዬ እንደ ወጓ በአብዱልወሃብ በኩል ጠየቀችው። "የሟቹ ስም ማን ይባላል? ምን ምን ሠርቷል? ምን ይፈራ ነበር?"

ሰውየው ሲገባው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ አልሞተም አለ። ሮማ ውስጥ ይኖራል፣ በዚህ ሰዓት ወይን እየጠጣ ይሆናል፤ ሥራው መሞት መምሰል ነው። አሮጊቷም እናቱ አይደለችም፣ ተከፍሏት ነው ያለቀሰችው።

"ኧረ በስማም!" አለች ሸዋዬ፣ ተነስታ እያማተበች። "በሞት ይጫወታሉ? ተከፍሏት?"

"እንዳንቺው በያ" አልኳት እኔ፤ ለሙሾዋ አንድ ቁና ማሽላ ሲሰጧት ትቀበላለችና። ቆነጠጠችኝ። ጋሼ ሳልህ አፋቸውን ሸፍነው፣ "አዑዙ ቢላህ" እያሉ ነበር።

ሰውየው ግን መሳቁን አቆመ። ንፍሮውን አየ፣ ያዘቀዘቅነውን ነጠላ አየ፣ አብዱልወሃብንም፣ "ይህ ሁሉ ለኔ ነው?" አለው። ነው ሲለው፣ አረፋው ፊቱ ላይ እንደደረቀ ከእኛ እኩል መሬት ላይ ተቀመጠና ንፍሮውን ቆረጠመ። እንባው መጣ። "ያገሬ ሰው እናንተን እንደ አውሬ ነው የሚያስባችሁ" አለ። "ይህን ለቅሷችሁን ቢያይ ግን ያፍራል። ለቅሶ አልቅሱልኝና ላንሳችሁ፤ ሮማ ወስጄ ላሳይ።" አብዱልወሃብ ይህን ሲተረጉም ፊቱ በርቶ ነበር፤ የሚያስተምረው ነገር በዓይኑ ፊት እውነት ሆኖለት። እኔም ሰውየውን ልጠላው ብፈልግ አቃተኝ፣ ምን ይደረግ።

ያለ ሬሳ ለቅሶ የለም አልነው። አንድ ሰው ነጠላ ለብሶ ይተኛና ሬሳ ይሁን አለ። ማን ይተኛል! በጥይት ቢያስፈራራን እንኳ እሺ የሚል አልነበረም። በሕይወት እያለ ሙሾ የወረደለት ሰው ዓመት አይደርስም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሰውየው ወደ ሸዋዬ ዞሮ፣ "አንቺ ምን ብሰጥሽ ታለቅሻለሽ?" አላት።

"ልጄን" አለች።

ሄዶ ካፒቴኖውን ለመነው። ምን እንዳለው አናውቅም፤ ሁለቱ አንድ ድንኳን ውስጥ ሲጠጡ ዋሉ። ሲመለስ፣ "ፈቅዷል" አለ፤ "ምስሉ ጥሩ ሆኖ ከተነሳ ልጁ ማታውኑ ይለቀቃል።" ግን ሬሳ የሚሆን ሰው አሁንም አልተገኘም። በሽቦው በኩል ይህን የሰማ ታከለ፣ "እኔ እተኛለሁ" ብሎ ላከ።

ሸዋዬን ወደ ሽቦው ይዘናት ሄድን፤ እኔና አብዱልወሃብ። ታከለ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ መዳፉ ቆስሎ ሽቦውን ይዟል።

"እማ፣ ነገሩ እኮ ጨዋታ ነው" አላት።

"አፍህን ዝጋ! ላንተ ሙሾ ላወርድ? አንተ ቆመህ? ምነው ከመውለዴ በፊት በሞትኩ!"

"እዚህ ካለሁ ዛሬ ወይ ነገ መስቀላቸው አይቀርም። ከገመድ ሙሾ አይሻልም? ከሞቱ አሟሟቱ ስትይ አልነበረም?"

"ስለሌላ ሰው ነው ያልኩት" አለችና ሽቦው ላይ ግንባሯን ደፍታ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ስትተኛ እንዳትንቀሳቀስ። እኔ የምለውን አትስማ፣ ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ክተት። ከምፈትለው እልክልሃለሁ" አለችው። እውነቷን ነው፤ ማታ ጥጡን በአብዱልወሃብ ላከችለት።

ጋሼ ሳልህን ቂሬው ይውጣልኝ ብላ ለመነቻቸው። "ሸዋዬ፣ ለሕያው ሰው ቂሬ ወጥቶ አያውቅም" አሏት። "አውቃለሁ፣ እንዳይደርስብኝ እየጸለይሁ እኮ ነው አንቱን የምለምን" አለቻቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ፣ "ለሚቀበር ስንወጣ ኖረናል፤ አንድ ቀን ደግሞ ለሚድን እንውጣ፤ አላህ ልባችንን ያውቃል" አሉ።

በማግስቱ ሮቢት ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ወጣን። ፀሐዩ ድንጋይ ያፈላል። ታከለን አምጥተው ቃሬዛ ላይ አጋደሙት፣ ነጭ ነጠላ አለበሱት። ባለሲኒማው ባለሦስት እግር ሣጥኑን ተክሎ መዘውሩን ያዘ። ካፒቴኖው በወንበር ተቀምጧል፣ አስካሪዎቹ ከኋላው፤ ከነሱ ፊት አለቃቸው ሹምባሹ ቆሟል። ሹምባሹ ከደጋ የመጣ ያገር ሰው ነው፤ አማርኛው እንደኛው ነው፣ ጥልያንኛም ይችላል። ከኛ ጋር ግን ቃል ተለዋውጦ አያውቅም፤ እኛም አናናግረውም፣ ባንዳ ነዋ።

ሸዋዬ ጀመረች፦

"ቁመትህ ሎጋ ነው፣ ጥርስህ እንደ ወተት፣
ምነውሳ ዝም አልከኝ ተጋድመህ ከመሬት።"

ለማንም የሚባል ግጥም ነው። ለዚያ ንፉግ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ብላለች። እኛም "ወይኔ ወይኔ" አልን እንጂ ዓይናችን ደረቅ ነው፤ ሁላችንም የምናየው ነጠላው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ባለሲኒማው መዘውሩን አቆመ። ደገመች፤ አሁንም ደረቅ። ካፒቴኖው ሰዓቱን አይቶ አንድ ነገር ተናገረ። አብዱልወሃብ ወደ ሸዋዬ ጠጋ አለ፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል። "እትዬ ሸዋዬ፣ 'ይቀልዱብናል፣ ልጁን ወደ ካምፕ መልሱት' እያለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከልብዎ። አንድ ጊዜ!"

ሸዋዬ ቃሬዛውን አየች። ከዚያ ምን እንደመጣባት አላህ ይወቀው። ሙሾ እንደ ምጥ ነው፣ ከመጣ አይመለስም፤ ይህን እሷ ራሷ ነበረች የምትለኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ ድምፁ ሲወጣ ያ የማውቀው የጎረቤቴ ድምፅ አልነበረም፦

"የጀዋሃን ድልድይ ሌሊት ያነደደው፣
ምን ሆኖ ነው ዛሬ ነጠላ ከበደው።"

ሜዳው ፈነዳ። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁ። ሙሀባ፣ ሐጂራ፣ እነዚያ ድምፃቸው የማይሰማ የኛ ሴቶች፣ ፊታቸውን ነጩ። ጋሼ ሳልህ በምርኩዛቸው ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያኔ ማናችንም ምን እንደተባለ አላሰብንም፤ የታከለን ጀግንነት ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ሰማን፣ በቃ። ባለሲኒማው እያለቀሰ መዘውሩን ያዞራል። ካፒቴኖው እንኳ፣ እውነቴን ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ ቆቡን አወለቀ።

ጸጥ ሲል ካፒቴኖው፣ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቀ። "ተራራ ይሸከም የነበረ ልጄ ምነው ዛሬ ጨርቅ ከበደው ነው ያለችው" አለ አብዱልወሃብ፤ እኛም እንድንሰማ በአማርኛ ደገመው፣ ነቅተን አፋችንን እንድንይዝ። ካፒቴኖው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ታከለ እያየ በእጁ ምልክት ሰጠ፦ ይነሳ፣ ይሂድ።

ያኔ ሹምባሹ ወደፊት ወጣ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ እሱም አልቅሶ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ለካፒቴኖው አይደለም፣ ለኛ ነው።

"ለሸራ ሬሳ ንፍሮ ቀቅላችሁ ሄዳችሁ አይደል?" አለ። "ጀዋሃ ድልድይ ላይ የነደደው ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ! ከናንተ ማን መጣ? አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ 'እግዜር ያጥናህ' አለኝ? እሱ አማርኛ ስለሚናገር ነው? ቀለሙ እንደናንተ ስለሆነ ነው?"

እውነቱን ነው። ባንዳ ሲሞት ደስ ብሎን ነበር እኮ፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ዞሮ ለካፒቴኖው በጥልያንኛ ነገረው። ጀዋሃ የሚለውን ስም ብቻ ሰማን፣ እሱ ይበቃ ነበር።

ታከለ ከቃሬዛው ላይ ተነስቶ ገና ቁጭ እንዳለ ነው የያዙት። ጆሮው ውስጥ ያለውን ጥጥ አወጣና፣ "ምን አለች? እማ፣ ምን ተፈጠረ?" ይል ነበር። እሷ ያወረደችለትን እንኳ አልሰማም። አብዱልወሃብን እዚያው ፊታችን ገርፈው በካሚዮን ወደ ደሴ ላኩት፤ ከዚያ ወዲህ በወሬ እንኳ አልተሰማም። ባለሲኒማው ካፒቴኖው እግር ላይ ወድቆ ለመነ፣ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ ሁለት ወታደር አንስተው ወሰዱት። በማግስቱ ካሚዮኑ አልነበረም። ያን ምስል ሮማ ያሳየው፣ ይጣለው አላውቅም፤ ባሳየውም ምን ሊረዱበት እንደሚችሉ አይገባኝም።

ታከለን ገበያው መሐል ሰቀሉት። ማታ ሬሳውን ሲሰጡን ቂሬው ሳይጠራ ወጣ። እስላሙ ቆፈረ፣ ክርስቲያኑ ተሸከመ፣ ደግሞ ተለዋወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ሁሉም ሸዋዬን ይጠብቃል። እሷ ግን ዓይኗ ደርቋል፣ አንድ ጠብታ የለም። "ሸዋዬ፣ አውጪው እንጂ፣ ይገድልሻል" አልኳት።

"የሱን ሙሾ አውርጄዋለሁ" አለችኝ። "ያው ነው፣ ሌላ የለኝም።"

ያለ አንድ ድምፅ ቀበርነው። የዚያ ቀን ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ሸዋዬ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወደ ካምፑ በኩል መራመድ ጀመረች። ወደ አስካሪዎቹ ጎጆ።

ሮጬ ያዝኳት። "አብደሻል? ወዴት ነው? የልጅሽ ገዳይ ቤት?"

"የቀረብን ለቅሶ አለ" አለችኝ። "ልቀቂኝ ጣይባ።"

እኔ ጮህኩ፣ ሰደብኳት፣ ሰውም ቆሞ ቀረ። ጋሼ ሳልህ ግን ምርኩዛቸውን አነሱና ከኋላዋ ሄዱ። እሳቸው ሲሄዱ ቂሬው ተከተለ። እኔስ? እኔም ሄድኩ፤ እሷን ብቻዋን ልተዋት ነው? ጠመንጃ ይጠብቀናል ብዬ፣ ሲሞቱ የሚባለውን ሸሃዳ እየደገምኩ ነበር።

ሹምባሹ ጎጆው ደጃፍ ላይ ነበር። ሲያየን ጠመንጃውን አነሳ። ሸዋዬ አፈሙዙ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ለማንም ሟች እንደምትጠይቀው፣ "ወንድምህ ስሙ ማን ነበር?" አለችው።

"ሂጂልኝ!" አለ።

"ስሙን ንገረኝ። ምን ሠራ? ምን ይፈራ ነበር?"

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። "ጌታቸው" አለ። "ምንም አልሠራም፣ ልጅ ነበር። ጨለማ ይፈራ ነበር። እናታችን አደራ ብላኝ ነው አብሮኝ የመጣው፤ መሞቱን አልነገርኳትም።"

ሸዋዬ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፦

"እናትህ ሩቅ ሆና መርዶህን ሳትሰማ፣
የገዳይህ እናት አለቀሰች ቀድማ።"

ሹምባሹ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። "ተይኝ፣ በማርያም ተይኝ!" ይላል። እሷ አልተወችውም፤ ደጋገመችው፣ መሬት ላይ እስኪወድቅ። ይቅርታ ነው ትሉኛላችሁ? እኔ እንጃ፤ ጠይቄያት አታውቅም፣ በማግስቱም በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አላለችም። ለታከለ ያልወጣው እንባዋ ግን እዚያ ወጣ፤ እኛም "ከናንተ ማን መጣ?" ያለው ሰው ደጅ ላይ እንደ ደንቡ መሬት ተቀመጥን።